ሽጉጡ ለማን እንቅልፍ ይሰጣል?

ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት አሜሪካውያንን ደጋግሞ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች። ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ ቤቱን የበለጠ አስተማማኝ ያደርገዋል ወይስ የበለጠ አደገኛ? እ.ኤ.አ. በ2000 «አስተማማኝ ያደርገዋል» ያለው 35 በመቶ ነበር። በ2014 ይኸው መልስ 63 በመቶ ደረሰ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚህ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ግድያ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ። ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ጋር ሲተያይማ በጣም ነው የወረደው። ሰው ግን እንደዚያ አይሰማውም። ጋሎፕ «ወንጀል ካለፈው ዓመት ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በአብዛኞቹ ዓመታት አብዛኛው ሰው «ጨምሯል» ነው የሚለው። በቀነሰባቸው ዓመታትም ጭምር።

የመሣሪያ ሕግ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንዱ ወገን የሟች ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሌላው ሌሊት የሚሰማውን ፍርሃት ይዞ ይመጣል። ከዚያ አንዱ ሌላውን «አይገባህም» እያለ ይለያያሉ። እኔ ፍርሃቱ የውሸት ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መሣሪያው ለአንዱ ሰው መረጋጋት ሲሰጥ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

መጀመሪያ ፍርሃቱን እንየው። በ1999 መሣሪያ ካላቸው አሜሪካውያን መካከል ዋና ምክንያታቸው ራስን መጠበቅ እንደሆነ የተናገሩት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ የያዙት ለአደን ነበር። በ2013 ራስን ለመጠበቅ ያሉት 48 በመቶ ሆኑ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ጥያቄውን ትንሽ ለወጥ አድርጎ ሲያቀርበው፣ 72 በመቶዎቹ ራስን መጠበቅ አንዱ ትልቅ ምክንያታቸው እንደሆነ ተናገሩ። በወረርሽኙ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ ከገዙት ሰዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ባለመሣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ጢሙን ያሳደገ አዳኝ ነው የሚታየን። ያ ሥዕል ካረጀ ቆይቷል።

እነዚህ ሰዎች ምን ይላሉ? ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው። ፖሊስ ስጠራው አይደርስልኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ፖሊስ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ፎቶ ለማንሳትና ቃል ለመቀበል ነው። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 የወሰነው አንድ መዝገብ አለ፤ እሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሆነው በኮሎራዶ ግዛት፣ ካስል ሮክ በምትባል ከተማ፣ በሰኔ 1999 ነው። አንዲት እናት ከባሏ ጋር ተለያይታለች። ባልየው እሷንም ልጆቿንም እንዳያስቸግር የፍርድ ቤት እገዳ ወጥቶበታል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሦስት ሴት ልጆቿ ውጭ ሲጫወቱ ይዟቸው ሄደ። ፖሊስ ጠራች። ሲመጡ የእገዳ ወረቀቱን አሳየቻቸው። እስከ ማታ 4 ሰዓት ጠብቂ አሏት። ጠበቀች። ደግማ ደወለች። እስከ እኩለ ሌሊት ጠብቂ አሏት። እኩለ ሌሊት አልፎ ጣቢያው ድረስ ራሷ ሄዳ አመለከተች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ባልየው ራሱ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መጥቶ ተኩስ ከፈተ። ፖሊሶቹ ተኩሰው ገደሉት። የሦስቱ ልጆች አስከሬን መኪናው ውስጥ ተገኘ።

እናትየው ከተማዋን ከሰሰች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ፖሊስ እገዳውን እንዲያስፈጽምላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም ብለው ወሰኑ። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው «ራሴን የምጠብቀው ራሴ ነኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል? የመሣሪያ መብት ተሟጋቾች ይህን መዝገብ ደጋግመው የሚጠቅሱት ያለምክንያት አይደለም።

ግን እዚያው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ በአንድ መስመር ያለፈች ነገር አለች። ባልየው የተኮሰበትን ሽጉጥ የገዛው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ልጆቹን ይዞ ከሄደ በኋላ። እገዳ ያለበት ሰው፣ በዚያች ማታ፣ ሽጉጥ ገዝቶ ወጣ። እንግዲህ ይኸው አንድ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። ሕግ ያልደረሰላት እናት አለች። ሕግ ያላቆመው ገዢም አለ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ሰውን የሚያረጋጋው መሣሪያ የትኛው ነው? እጅ የሚደርስበት ነው። ትራስ ሥር ወይም የአልጋ ራስጌ መሳቢያ ውስጥ ያለ፣ ጥይት የጎረሰ። አደጋ የማያደርሰውስ? ጥይቱ የወጣ፣ የተቆለፈ፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ የተቀመጠ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም። ሌሊት ኮሽታ ሰምቶ የነቃ ሰው፣ በጨለማ የብረት ሳጥን ቁልፍ ፈልጎ፣ ከፍቶ፣ ከሌላ መሳቢያ ጥይት አምጥቶ፣ ካዝናውን (ጥይት የሚሞላበትን የሽጉጡን ክፍል) ሞልቶ፣ አቀባብሎ እስኪነሳ ያለውን ጊዜ አስቡት። ሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው ብዙ ቤት ውስጥ መሣሪያው ሳይቆለፍ የሚያድረው። በጣት አሻራ የሚከፈቱ ትንንሽ ሳጥኖች ለዚህ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ነገሩን ያቃልሉታል እንጂ አይፈቱትም።

ሌላም ነገር አለ። የሽጉጥ ካዝና ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ተቀባብሎ ከነበረ አንዲት ጥይት ውስጡ ጎርሳ ትቀራለች። ብዙዎቹ ሽጉጦች ካዝናቸው ወጥቶም ያቺን አንዷን ይተኩሳሉ። «ባዶ መስሎኝ ነው» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህች አንዷ ነው። ካዝናውን በእጁ የያዘ ሰው እርግጠኛ ነው፤ ጥይቱን በመዳፉ ይዞታል። የቀረችው ግን አትታየውም።

የዋሽንግተን ከተማ በአንድ ወቅት ይህን በሕግ ልትገላገለው ሞክራ ነበር። ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ ወይ ጥይቱ ወጥቶ ይፈታታ፣ ወይ ቃታው ይቆለፍ አለች። ሽጉጥ ለቤት መያዝ ደግሞ ከነጭራሹ አይቻልም ማለት ይቻላል። ከከሳሾቹ አንዱ ዲክ ሄለር የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ቀን በሥራው የመንግሥት ሕንፃ በሽጉጥ ይጠብቃል። ማታ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ዓይነት ሽጉጥ መያዝ ክልክል ነው። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሄለርን ደገፈ። መሣሪያው ሁልጊዜ ተቆልፎ ይቀመጥ የሚለውም ሕግ አብሮ ወደቀ። የአብላጫው ክርክር ግልጽ ነበር፤ ራስን ለመጠበቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት የማይሠራ መሣሪያ መብት አይባልም።

መልካም። ሄለር ተረጋግቶ ተኛ እንበል። አብሮት የሚኖረውስ ሰው?

ካሊፎርኒያ የሽጉጥ ሽያጭን በስም የሚመዘግብ ግዛት ስለሆነ ተመራማሪዎች ይህን በደንብ ሊከታተሉት ችለዋል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የመሩትና በ2020 የታተመ ጥናት 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለ12 ዓመታት ተከታትሏል። ሽጉጥ የያዙ ወንዶች በመሣሪያ ራሳቸውን አጥፍተው የመሞታቸው ዕድል ካልያዙት 8 እጥፍ ያህል ነበር። የሴቶቹ 35 እጥፍ። ከፍተኛው አደጋ የታየው ሽጉጡ በተገዛ በመጀመሪያው ወር ነው፤ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት አይጠፋም።

እዚህ ላይ የሚነሳው መልስ የታወቀ ነው። ሊሞት ያሰበ ሰው ነው ሽጉጡን የገዛው፤ ሽጉጡ ምን አደረገ? ለመጀመሪያው ወር ይህ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በ2022 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ዓይኔን የሳበው። እሱ የተከታተለው ሽጉጥ የገዙትን አይደለም። ራሳቸው መሣሪያ የሌላቸውን፣ ነገር ግን ሽጉጥ ከያዘ ሰው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩትን ነው። እነዚህን በዚያው አካባቢ ከሚኖሩና ቤታቸው ሽጉጥ ከሌለ ሰዎች ጋር አነጻጸራቸው። ውጤቱ? በሰው እጅ የመገደላቸው ዕድል ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። በገዛ ቤታቸው፣ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ ተተኩሶባቸው የመሞታቸው ዕድል ደግሞ 7 እጥፍ ያህል። በዚህ መልክ ከሞቱት 84 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው።

ሽጉጡ የተገዛው በር ሰብሮ ለሚገባ ባዕድ ነበር። እነዚህ ሴቶች ግን አልገዙም። ሂሳቡ ወደ እነሱ የዞረው በዚህ መንገድ ነው።

ሽጉጥ ሌባ አያባርርም ማለቴ አይደለም። ያባርራል። ስንት ጊዜ በሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ ልዩነታቸውም የትየለሌ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሚያካሂደው የወንጀል ተጎጂዎች መጠይቅ የሚወጣው ግምት በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። በ1990ዎቹ የተሠራ አንድ የስልክ መጠይቅ ደግሞ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ብሎ አረፈው። ሁለተኛው ቁጥር ተጋንኗል ከሚሉት ጋር ነኝ። በመንግሥት መጠይቁ መሠረት ተጎጂው ራሱን በመሣሪያ የተከላከለባቸው ወንጀሎች ከመቶ አንድ አይሞሉም። አሜሪካ ውስጥ በ2023 በመሣሪያ ከሞቱት ወደ 47 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ውስጥ ደግሞ ከ27 ሺህ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ስለ ሽጉጥ ሲወራ የሚፈራው ጨለማ ውስጥ ያለ እንግዳ ነው። ከግማሽ በላይ በሆነው ሞት ውስጥ ግን እንግዳ የለም።

እዚህ ላይ የእስራኤል ጦር ያደረገውን ማንሳት ይገባል። ወታደሮቹ በሳምንቱ የዕረፍት ቀናት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። በ2006 ጠመንጃው ካምፕ ይቀመጥ ተባለ። በወታደሮቹ መካከል ራስን ማጥፋት 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። የቀነሰው በዋናነት የዕረፍት ቀናቱ ነው፤ የሥራ ቀናቱ እምብዛም አልተለወጠም። ጠመንጃውን ማንም አልቀማቸውም። ከሰውየው ጋር ለሁለት ቀን ተለያየ፤ በቃ። ክፉ ሰዓት ያልፋል፤ ሲያልፍ እጅ ላይ ምን አለ የሚለው ነው ልዩነቱ።

ሌሎች አገሮች ነገሩን የሚይዙት ከሌላ ጫፍ ነው። «መሣሪያ መያዝ መብቴ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «ለምን ፈለግኸው?» ብለው ይጀምራሉ። አውስትራሊያ በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ሕጓን አጠበቀች፤ 650 ሺህ ያህል መሣሪያም ገዝታ ሰበሰበች። እዚያ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ተቀባይነት ያለው ምክንያት ማቅረብ አለበት። አደን ይሆናል። የእርሻ ሥራ ይሆናል። የተኩስ ስፖርትም ይሆናል። «ራሴን ለመጠበቅ» ግን አይሆንም።

ጃፓን ከሁሉም ትጠብቃለች። ሽጉጥ ለተራ ሰው የለም። የአደን ጠመንጃ የሚፈልግ ክፍል ገብቶ ይማራል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ የተኩስ ፈተና ይወስዳል፣ የአእምሮ ጤናው በሐኪም ይታያል። ፖሊስ ስለ እሱ ዘመድ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጠመንጃው ቤቱ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ፖሊስ ያውቃል። ጥይቱ ተለይቶ ይቆለፋል። በየዓመቱ ምርመራ አለ። ይህ ሁሉ ሆኖም በ2022 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ናራ ከተማ ላይ በቤት ውስጥ በተሠራ መሣሪያ ተገደሉ። ሕግ ሁሉን አይዘጋም። ነገር ግን 120 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለበት አገር በመሣሪያ የሚሞተው ሰው በዓመት ቢበዛ በአሥሮች ነው የሚቆጠረው።

የስዊዘርላንድ ነገር ሁልጊዜ ክርክር ላይ ይነሳል። «ሁሉም ቤቱ ጠመንጃ አለው፤ ማንም አይገድልም» ይባላል። ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የብሔራዊ ጦሩ አባላት ጠመንጃቸውን ቤታቸው እንደሚያስቀምጡ ልክ ነው። ጥይቱን ግን ከ2007 ወዲህ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ቤት አይወስዱም። ታጥቆ መንገድ ለመውጣት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚያገኘውም ጥቂት ሰው ነው። በ2019 ደግሞ ሕጉ ይጥበቅ ተብሎ በሕዝበ ውሳኔ ሲጠየቁ 64 በመቶ ያህሉ እሺ አሉ።

ከነዚህ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ብራዚል ናት። በጥቅምት 2005 የመሣሪያና የጥይት ሽያጭ ለተራ ሰው ይከልከል ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ብራዚል በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በጥይት የሚሞትባት አገር ናት። ዘመቻው ሲጀመር የሕዝብ አስተያየቱ ወደ እገዳው ያዘነበለ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ተገለበጠ። 64 በመቶው «አይከልከል» አለ። ያሸነፈው ሐሳብ ቀላል ነበር። መንግሥት አይጠብቀኝም፤ ታዲያ ራሴን የመጠበቅ መብቴን ለምን በገዛ እጄ አስረክባለሁ? ከድምፅ ሰጪዎቹ ብዙዎቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የመግዛትም ሐሳብ የላቸውም። ሊያስረክቡ ያልፈለጉት ሽጉጡን ሳይሆን አማራጩን ነው። የመሣሪያ ቁጥጥር ደጋፊዎች ይህን ቢያጤኑት ጥሩ ነው። ፖሊስን የማያምን ሰው ፊት የሟች ቁጥር መደርደር አያሳምንም።

የሰሜን አየርላንድም ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በተቀረው ብሪታንያ ራስን ለመጠበቅ ብሎ ሽጉጥ መያዝ አይቻልም፤ ደንብሌን ትምህርት ቤት ውስጥ በ1996 16 ሕፃናትና መምህራቸው ከተገደሉ ወዲህ ሽጉጥ ራሱ ከሞላ ጎደል ታግዷል። ሰሜን አየርላንድ ግን ሕይወቱ ላይ የተረጋገጠ ዛቻ ያለበት ሰው ሽጉጥ እንዲይዝ ሊፈቀድለት ይችላል። እዚህ ፍርሃት ብቻውን አይበቃም። ፍርሃቱ ይመረመራል፤ እውነት ሆኖ ሲገኝ ይከበራል። ይህ ልክ ይመስለኛል።

የጎረቤትም ነገር አለ። ተመራማሪዎች አሜሪካውያንን «በሰፈርህ ያለ ሰው መሣሪያ ቢያበዛ ደህንነትህ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብለው ሲጠይቁ፣ አብዛኛው «ይቀንሳል» ብሏል። የእኔ ሽጉጥ ያረጋጋኛል፤ የአንተ ያሰጋኛል። አንተም እንደዚያው ትላለህ። ሁለታችንም ገዝተን ሁለታችንም ከበፊቱ ይልቅ እንፈራለን ማለት ነው።

ስለዚህ ሕጉ ምን ያድርግ? ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚለው ጭቅጭቅ ብዙም አያራምድም። ሥራ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ማን ይግዛ፣ መቼ ይረከብ፣ የት ያስቀምጥ። በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ያው ለመሣሪያ መብት የሚያደላው ፍርድ ቤት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት እገዳ ያለበትና አደገኛነቱ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ መከልከል ይቻላል ብሎ 8 ለ1 ወሰነ። እዚህ ላይ ቢያንስ ስምምነት አለ።

ክርክሩ ያላለቀው በመጠበቂያ ጊዜው ላይ ነው። ኮሎራዶ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሽጉጥ የገዛ ሰው ቢያንስ 3 ቀን ሳይሞላው እንዳይረከብ አድርጋለች። የካስል ሮኩ ሰውዬ በዚህ ሕግ ቢሆን ያን ማታ ከሱቁ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። ሌላ ቦታ ሊያገኝ ይችል ነበር ይሆናል። ግን የዚያን ማታ ነበር ያበደው።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሚሉት አላቸው። ዛሬ ማታ የተዛተባትን ሴት ሦስት ቀን ጠብቂ ማለት ምን ማለት ነው? የካስል ሮኳን እናት ፖሊስም ጠብቂ ብሏት ነበርኮ። በነሐሴ 2025 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኮሎራዶ ጎረቤት የሆነችውን የኒው ሜክሲኮን የ7 ቀን መጠበቂያ ሕግ አልተቀበለውም።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ መጠበቂያው ይኑር፤ የፍርድ ቤት እገዳ ያስወጣች ወይም የተረጋገጠ ዛቻ ያለባት ሴት ግን ወረፋ አትጠብቅ እላለሁ። እገዳ የወጣበት ሰው ስምም ሽያጩ ከማለቁ በፊት ሻጩ ፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ መታየት አለበት። ይህ ደግሞ እገዳው በወጣበት ቀን መዝገቡ ላይ የሚጭነው ጸሐፊ ይፈልጋል።